የራሰ የንድፍ ደብተር፦ ሥዕሉን ለማትረፍ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የሚደረገው

ደብተር ርሶ ሲገኝ እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ገጹን መግለጥ፣ በጨርቅ መጥረግ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ካውያ ማሞቅ ያምረዋል። የስምንት ወር ሥራ የያዘው ደብተሬ ክዳኑ በላላ የውኃ ጠርሙስ ቦርሳ ውስጥ የራሰ ዕለት እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። በኋላ ተረጋግቼ ስቆጥር ውኃው ራሱ ያጠፋው ሦስት ሥዕል ነው። የቀሩትን አሥራ አንድ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የተጣበቁትን ገጾች በጣቴ ስገልጥ ቀደድኋቸው፣ በከሰል የሠራሁትን የአያቴን ፊት በሶፍት ስጠርግ አጠፋሁት፣ የተረፉትን በፀጉር ማድረቂያ አኮማተርኋቸው። ከዚያ ወዲህ የራሰ ደብተር ይዞ ለሚመጣ ጓደኛ ሁሉ መጀመሪያ የምለው «አስቀምጠውና እንየው» ነው።

ወረቀት የውኃ ልጅ ነው። ሲሠራ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጁ ውኃ በሆነ የቃጫ ብጥብጥ ውስጥ ተንሳፍፎ፣ ውኃው በወንፊት ሲጠልል ነው ሉህ የሚሆነው። ስለዚህ መርጠብ ብቻውን አይገድለውም። የሚጎዳው እርጥብ ሳለ መታሸት፣ አንዱ ቦታ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ መድረቅ፣ ለቀናትም እርጥብ ሆኖ መቆየት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ለማስቀረት የሚደረግ ነው።

ያለዎት ጊዜ ምን ያህል ነው?

በሞቃትና አየሩ በታፈነ ክፍል ውስጥ እርጥብ ወረቀት ላይ ሻጋታ ለመነሣት 48 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ይህ ረጅም ጊዜ ነው፤ ለመረጋጋት፣ ዕቃ ለማሰባሰብ፣ ለማሰብም ይበቃል። ሁለት ነገሮች ግን በሰዓታት ውስጥ ውሳኔ ይፈልጋሉ። አንደኛው በውኃ የሚሟሟ ቀለም ያለበት ሥዕል ነው፤ ገጹ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ቀለሙ መጓዙን አያቆምም። ሁለተኛው የሚያብለጨልጭ ሽፋን ያለው ወረቀት ነው። በመጽሔት ገጽ ላይ የምናየው ዓይነት ልስላሴ ያለው ወረቀት ሽፋኑ ርሶ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ከደረቀ እንደ አንድ ጡብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚያላቅቀው የለም። የተለመደው የንድፍ ወረቀት እንዲህ አይጣበቅም፤ በደብተርዎ ውስጥ ያጣበቋቸው ፎቶግራፎችና የመጽሔት ቁርጥራጮች ካሉ ግን ቅድሚያ ለእነርሱ ይስጡ።

መጀመሪያ፦ ማንሣትና ማስቀመጥ

ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ እጅዎን ያድርቁ። ደብተሩ ውኃ ውስጥ ወይም እርጥብ ወለል ላይ ካለ በጠርዙ ይዘው አይጎትቱት፤ የራሰ ወረቀት ከራሱ ክብደት በላይ ውኃ ሊሸከም ስለሚችል በገዛ ክብደቱ ይቀደዳል። ጠፍጣፋ ነገር፣ ለምሳሌ ትሪ ወይም ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ከሥሩ ያስገቡና እንደተኛ ከነትሪው ያንሡት። እንደተዘጋ ከሆነ ተዘግቶ ይቆይ። እንደተከፈተ ከሆነ ተከፍቶ ይቆይ። አይጭመቁት።

በእርሳስ ብቻ የተሠራ መሆኑን እርግጠኛ ከሆኑ፣ እንደተዘጋ በዝግታ ዘንበል አድርገው ትርፍ ውኃው በአንድ ጠርዝ እንዲንጠባጠብ ያድርጉ። የውኃ ቀለም ወይም ማርከር ካለበት ግን አያዘንብሉት፤ ውኃው በወረደበት መንገድ ሁሉ ቀለሙን ይዞት ይወርዳል። እንደተኛ ይተውት።

ቀጥሎ ስልክዎን ያውጡና የሚታየውን ሁሉ ፎቶ ያንሡ። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሥዕሉ ከዚህ በኋላ ሊለወጥ የሚችለው ወደ ባሰ መልክ ነውና አሁን ያለበት ሁኔታ ምናልባት የመጨረሻው ጥሩ ምስሉ ነው። ገጽ በገለጡ ቁጥርም ያንሡ።

ሥዕሉ በምን ተሠራ?

የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ ይቆማል። ደብተሩን እንደ አንድ ዕቃ አይዩት፤ እያንዳንዱ ገጽ የየራሱ ጠባይ አለው።

እርሳስ ከሁሉም ይታገሣል። ግራፋይት ካርቦን ነው፤ ውኃ አያሟሟውም። በእርሳስ የተሠራ ሥዕል ሙሉ በሙሉ ርሶ ቢደርቅ መስመሩ እንዳለ ይገኛል። ሆኖም እርጥብ ሳለ በጣት ከታሸ ይደበዝዛል፣ ወረቀቱም ይላጣል።

ከሰልና ፓስቴል (ከቀለም ዱቄት የተሠራ ጠመኔ) እንዲሁ አይሟሙም፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የያዛቸው የወረቀቱ ሸካራነት ብቻ ነው። አንድም ነገር እንዳይነካቸው። ሶፍት አያስጠጉ፣ ሌላ ገጽ አይጫናቸው። ዱቄቱን ከወረቀቱ ጋር እንዲያይዝ የሚረጨው ማጽኛ ከላይ የተረጨባቸው ቢሆኑም እንኳ አይመኑት።

የውኃ ቀለምና ጉዋሽ (ወፍራምና ብርሃን የማያሳልፍ የውኃ ቀለም) ትልቁ ጭንቀት ናቸው። ዱቄቱን ከወረቀት ጋር ያያዘው የግራር ሙጫ ነው፤ ሙጫው ደግሞ በውኃ መልሶ ይሟሟል። ቀለሙ ከወራት በፊት የደረቀ መሆኑ አያድነውም። እንዲህ ያለ ገጽ ላይ የቆመ ውኃ ካዩ የሶፍት ጫፍ ጠምዝዘው አሹለው የውኃውን ጠርዝ ብቻ ይንኩት፤ ውኃው ራሱ ወደ ሶፍቱ ይሳባል። አይጫኑ፣ አይጥረጉ።

ጥቁር ቀለም በብዕር ሲሆን ነገሩ ይለያያል። ከጥላሸትና ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠራው ዓይነት ከደረቀ በኋላ ውኃ አይበግረውም። በአብዛኛው በቀለም መሙያ ብዕሮች የሚገባው ቀለም ግን በውኃ የተበጠበጠ ማቅለሚያ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ እንደ ጭስ ይበተናል፣ ጥቁር የመሰለው ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ይከፋፈላል። ተራ እስክሪብቶ ቅባትነት ስላለው ቶሎ አይሄድም። ጄል እስክሪብቶ አንዱ ይጸናል አንዱ ይፈሳል። በአልኮል የሚሠራ ማርከር በውኃ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ የልጆች ማርከር ግን ጨርሶ ይታጠባል። በሰም የሚሠራ ባለቀለም እርሳስ ይጸናል፣ ለውኃ ቀለም ተብሎ የተሠራው እርሳስ አይጸናም። ሁለቱ በመልክ አይለዩም።

አክሪሊክ ሲደርቅ ፕላስቲክ ነው፤ ውኃ አይፈራም። ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ከተጫኑት ፊት ለፊቱ ካለው ገጽ ጋር ይጣበቃል፤ በመካከሉ ሲሊኮን የተቀባ የመጋገሪያ ወረቀት ያስገቡለት።

ከተጠራጠሩ ይሞክሩ፦ ብዙ የማያሳስብዎትን የሥዕሉን ጥግ በረጠበ የጆሮ ጥጥ ጫፍ ነካ ያድርጉና ጥጡን ይመልከቱ። ቀለም ከወጣ፣ ያ ገጽ የሚሟሟ ነው። ይህንንም ደረቅ በሆነው ክፍል ላይ ያድርጉት።

የፈሰሰው ምን ነበር?

ንጹሕ ውኃ ከሆነ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሻይ፣ ቡና፣ ስኳር ያለበት መጠጥ፣ ወተት ወይም የባሕር ውኃ ከሆነ ግን ማድረቁ ብቻ አይበቃም። ስኳርና ወተት የሻጋታና የነፍሳት ምግብ ናቸው። ጨው ደግሞ በወረቀቱ ውስጥ ቀርቶ ከአየር እርጥበት እየሳበ ገጹ መቼም በቅጡ እንዳይደርቅ ያደርጋል። በእርሳስ ወይም ውኃ በማይበግረው ቀለም የተሠራ ገጽ ገና ሳይደርቅ በንጹሕ ውኃ ሊታጠብ ይችላል፦ ሉሁን ግልጽ ላስቲክ ላይ አሳርፈው፣ ሰፊ ትሪ ውስጥ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ጨምረው፣ ከነላስቲኩ ቀስ ብለው ያጥልቁት፤ አሥር ደቂቃ ያህል አቆይተው ውኃውን ለውጠው ይድገሙ። ከቧንቧ በቀጥታ ውኃ አይልቀቁበት። የሚሟሟ ቀለም ያለበትን ገጽ አያጥቡ፤ እድፉ ይቅርበት፣ ሥዕሉ ይትረፍ።

የፍሳሽ ወይም የጎርፍ ውኃ ከሆነ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ እዚህ ላይ ከደብተሩ ይልቅ የእርስዎ ጤና ይቀድማል።

ገጽ ከገጽ ማላቀቅ

ደብተሩ ጫፉ ብቻ ከረጠበ ይህን ክፍል አይፈልጉትም። ሙሉ በሙሉ ከራሰ ግን በዚህ ላይ ጊዜ ቢያጠፉ አይቆጭዎትም፤ ሥዕል የሚጠፋውም የሚተርፈውም እዚህ ነው።

በጣት ጥግ ይዞ መግለጥ አይሠራም። የራሰ ወረቀት ጥንካሬ የለውም፤ ጥጉ በእጅዎ ቀርቶ ገጹ እዚያው ይሆናል። የሚሠራው እንዲህ ነው። ከገጹ ትንሽ የሚበልጥ ንጹሕ ግልጽ ላስቲክ ይውሰዱ፤ ሰነድ የሚቀመጥበት ጠንከር ያለ ላስቲክ ሁለት ጎኑ ተቆርጦ ሲዘረጋ ይሆናል። ላስቲኩን ከላይ ባለው ገጽ ላይ ከጀርባ ማሰሪያው በኩል ጀምረው ወደ ውጪ እያሳረፉ ያስተኙት። በመዳፍዎ ሳይሆን በጣትዎ ጀርባ ቀስ ብለው ዳሰስ ያድርጉት። ውኃው በላስቲኩና በወረቀቱ መካከል ቀጭን ንጣፍ ይሆንና ሁለቱን ያያይዛቸዋል፤ በላስቲኩ በኩል ሲያዩ ወረቀቱ ድንገት ጠቆር ብሎ፣ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያዘ ማለት ነው። አሁን የላስቲኩን ውጫዊ ጥግ በሁለት ጣት ይያዙና በጣም በዝግታ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጀርባ ማሰሪያው አጥፈው እንደሚጠቀልሉ አድርገው ያንሡት። ገጹ ከላስቲኩ ጋር ይነሣል። ክብደቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ስለሆነ አይቀደድም።

መንገድ ላይ የሚይዝ ቦታ ካገኙ ያቁሙ። አያስገድዱ። ላስቲኩን መልሰው አስተኝተው ከሌላው ጥግ ይሞክሩ። እዚያም ካልሆነ ደብተሩ ጥቂት ሰዓት ይድረቅና ይመለሱበት፤ ወረቀት ግማሽ ሲደርቅ ጥንካሬው ይመለስለታል። ከሰል፣ ፓስቴልና የውኃ ቀለም ባለበት ገጽ ላይ ላስቲክ ከሥዕሉ ፊት አያሳርፉ፤ ጀርባው ባዶ ከሆነ በጀርባው በኩል ይጠቀሙ።

በሽቦ የተጠቀለለ ደብተር ከሆነ ደስ ይበልዎት። የሽቦውን የታጠፈ ጫፍ በፒንሳ ቆርጠው እያዞሩ ያውጡት፤ ዝገቱም ከወረቀቱ ይርቃል። ሉሆቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። ቅደም ተከተላቸው እንዳይጠፋ ቁጥር የጻፉባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች ከየጎናቸው ያስቀምጡ፤ እርጥቡ ወረቀት ላይ አይጻፉ። የተሰፋ ወይም በማጣበቂያ የተጠረዘ ደብተር ግን አይበትኑት። ሽፋኑ ቆዳ ወይም ባለቀለም ጨርቅ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዳይፈስ በሽፋኑና በመጀመሪያው ገጽ መካከል ላስቲክ ያስገቡ።

ማድረቅ

የተለዩ ሉሆች ቀላል ናቸው። በተወጠረ የመስኮት መረብ ወይም በነጭ ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ላይ፣ ሥዕሉ ወደ ላይ ሆኖ ያስተኟቸው። በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አይስቀሏቸው፤ እርጥብ ወረቀት ይለጠጣል፣ የመቆንጠጫው አሻራም አይለቅም።

ያልተበተነ ደብተር ሲሆን ሥራው ትዕግሥት ነው። ነጭ፣ ያልታተመበት፣ ውኃ የሚመጥ ወረቀት ያዘጋጁ። የታተመ ጋዜጣ አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ወደ ሥዕልዎ ይተላለፋል። ጌጥ የታተመበት ሶፍትም እንዲሁ። ከዚያ በየስምንት ወይም በየአሥር ገጹ አንድ መምጠጫ ወረቀት እስከ ጀርባ ማሰሪያው ድረስ ያስገቡ። የሚሟሟ ሥዕል ባለበት ቦታ መምጠጫው ከሥዕሉ በስተጀርባ ይሁን። በብዛት አይጨምሩ፦ የገቡት ወረቀቶች ተደምረው ከደብተሩ ውፍረት ሲሶ ከበለጡ ጀርባው ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን ዙር ከአንድ ሰዓት በኋላ ይለውጡ፤ ከዚያ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ። በለወጡ ቁጥር ቦታውን በጥቂት ገጽ ያዛውሩት፣ አለዚያ ተመሳሳይ ገጾች ብቻ ይደርቃሉ።

መንጠባጠቡ ቆሞ ወረቀቱ ራሱን መሸከም ሲችል ደብተሩን መምጠጫ ወረቀት ላይ ያቁሙት፤ ሽፋኖቹ በሰፊው ተከፍተው፣ ገጾቹ እንደ ማራገቢያ ተበትነው። በየጥቂት ሰዓቱ ላይና ታቹን ይገልብጡት። በክፍሉ ውስጥ አየር እንዲንቀሳቀስ ቬንቲሌተር ይክፈቱ፣ ነፋሱ ግን ግድግዳውን ይምታ እንጂ ደብተሩን አይምታው። ከሰልና ፓስቴል ካለበት ቬንቲሌተሩን ጨርሶ ራቅ ያድርጉት።

ሙቀትን ለምን እከለክላለሁ? የፀጉር ማድረቂያ፣ ምድጃ ወይም ካውያ የገጹን ላይኛ ፊት ቀድሞ ያደርቀዋል። የደረቀው ይኮማተራል፣ ያልደረቀው እንዳበጠ ይቆያል፤ ሁለቱ ሲሳሳቡ ገጹ ሞገድ ይሠራል። የጠረዛው ማጣበቂያ ይለሰልሳል፣ የባለቀለም እርሳሱ ሰም ይቀልጣል። ፀሐይ ደግሞ በዚህ ላይ የማርከርን ቀለም ታነጣለች። ማይክሮዌቭ ውስጥ ማስገባት የሚመክሩ አሉ፤ ስቴፕልና ሽቦ ብልጭታ ያነሣሉ፣ ወረቀቱም ከውስጥ ሊያር ይችላል። ፈጽሞ አይሞክሩት።

ደብተሩ መድረቁን በዓይን አይወስኑ። ገጹን ጉንጭዎ ላይ ያሳርፉት፤ ከቀዘቀዘዎት ገና ውኃ አለው። መጨረሻ የሚደርቀው የጀርባ ማሰሪያው አካባቢ ነው፤ ሻጋታም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያው ነው። ወፍራም ደብተር አንድ ሳምንት ቢወስድ አይደንግጡ።

ገጹ በከፊል ብቻ ከራሰ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ውኃው በወረቀቱ ውስጥ ሲጓዝ አቧራውንና ያረጀውን ቃጫ ቡናማ ጭማቂ ይዞ ይሄድና እርጥቡ ከደረቁ በሚገናኝበት ድንበር ላይ ጥሎት ይተናል። ያ ነው ከደረቀ በኋላ የሚታየው ቡናማ መስመር። ሥዕሉ እርሳስ ብቻ ከሆነና ገጹ ገና ካልደረቀ፣ በመርጫ ጠርሙስ ከርቀት ደቃቅ የንጹሕ ውኃ ጉም በደረቁ በኩል ድንበሩ አካባቢ ይርጩ፤ ከድንበሩ እየራቁ ሲሄዱ እየቀነሱ። ድንበሩ ሹል መሆኑ ሲቀር መስመሩም ይለሰልሳል። ከደረቀ በኋላ ግን ይህ አይሠራም።

ጊዜ ከሌለዎት፦ ፍሪዘር

ደብተሩ የውኃ ቀለም የሞላበት ከሆነ፣ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማድረቅ እንደማይችሉ ካወቁ ፍሪዘር ያስገቡት። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ይመስላል፤ ግን በትልቅ ጥፋት የተገኘ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ፍሎረንስን ሲያጥለቀልቅ በከተማዋ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ሰነዶች ጭቃና ውኃ ገባባቸው። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች መምጠጫ ወረቀት እያስገቡ፣ የትምባሆ ማድረቂያ ቤቶችን ጭምር እየተጠቀሙ አደረቋቸው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረስ ግን አልተቻለም። እዚያ የሠራው የመጻሕፍት ጠጋኝ ፒተር ዋተርስ በኋላ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው መመሪያው ውኃ የገባባቸው መጻሕፍት ቶሎ በረዶ እንዲሆኑ መከረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በረዶ የሆነ ውኃ አይጓዝም፤ ቀለም አይበትንም፣ ሻጋታም አያሳድግም።

አደራረጉ፦ ደብተሩን በመጋገሪያ ወረቀት ይጠቅልሉት፣ በሚዘጋ የላስቲክ ከረጢት ያስገቡት፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አስተኝተው ምንም ሳይጫነው ፍሪዘር ውስጥ ያኑሩት። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል፤ የፍሪጁ ተራ ክፍል አይበቃም። እዚያ ውስጥ እስኪመችዎት ይቆያል።

ሲያወጡት እንደገና ርጥብ ስለሚሆን፣ በእርሳስ የተሠራውን ከላይ እንዳልኩት ያድርቁት። ለውኃ ቀለም የተሻለው ግን እዚያው ፍሪዘር ውስጥ ማድረቅ ነው። በረዶ የማይጋግር ዓይነት ፍሪዘር ከሆነ ከረጢቱን ከፍተው ይተውት፤ በረዶው ወደ ፈሳሽ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ አየር ይተናል፣ ቀለሙም ባለበት ይቀራል። ሳምንታት ይፈጃል፣ ወፍራሙ ወራት። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ያን ጊዜ ከረጢቱን ዘግተው አውጥተው የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ሳይከፍቱ ይጠብቁ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። አክሪሊክ ያለበትን ደብተር በቀዘቀዘበት አያጥፉት፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

የተኮማተረውን ማቅናት

ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ገጾቹ ለእጅ ቀዝቀዝ ብቻ ሲሉ፣ ደብተሩን ዘግተው በሁለት ለስላሳ ሰሌዳዎች መካከል አድርገው ከባድ መጻሕፍት ይጫኑበት። ይህን ሰዓት ያገኘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። በየቀኑ ከፍተው ያናፍሱት፣ መልሰው ይጫኑት።

አንዴ ከደረቀና ከተኮማተረ፣ እርጥበት በልክ መመለስ ያስፈልጋል። ገጹን ራሱን አይርጩ። መምጠጫውን ወረቀት በጥቂቱ አርጥበው ከገጹ ጀርባ ያሳርፉት፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ላስቲክ ሸፍነው ይተዉት። ገጹ ሲለሰልስ በደረቅ መምጠጫዎች መካከል አድርገው ሰሌዳና ክብደት ይጫኑ። መምጠጫውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ከሁለት ሰዓት በኋላ ለውጠው ለሁለት ቀን ይተዉት። ከሰል፣ ፓስቴልና ወፍራም ጉዋሽ ያለባቸውን ገጾች በዚህ መንገድ አያቅኑ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መምጠጫው ላይ ይታተማሉ፣ ሦስተኛው ይፈረካከሳል። እነርሱ እንደተኮማተሩ ይኑሩ። ሞገድ ያለው ገጽ ላይ ያለ ሙሉ ሥዕል፣ ከተስተካከለ ባዶ ወረቀት ይሻለኛል።

ሻጋታና እድፍ

ሽታው ከተለወጠ ወይም ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ደብተሩን ከሌሎቹ ይለዩ። እርጥብ ሻጋታ አይጥረጉ፤ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ደርቆ ዱቄት ሲሆን ከቤት ውጪ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው፣ ለስላሳ ብሩሽ ወደ ራስዎ ሳይሆን ወደ ውጪ እያደረጉ ያራግፉት። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው። በረኪና ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ቃጫውን ይበላል፣ ቀለሙንም ያነጣል።

ለደረቀ ቡናማ መስመር ወረቀቱን ከመታገል ይልቅ ምስሉን ማጽዳት ይቀላል። ሥዕሉን በስካነር፣ በኢንች 600 ነጥብ ሆኖ፣ በሙሉ ቀለም ይውሰዱት። የእርሳስ ሥዕል ከሆነ በምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ከሦስቱ የቀለም ንብርብሮች (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ቀዩን ብቻ ይምረጡ። ቢጫና ቡናማ እድፍ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፣ ቀዩን ግን ያሳልፋል፤ ስለዚህ በቀዩ ንብርብር ላይ እድፉ ይፈዝዛል፣ የግራፋይቱ መስመር ግን እንዳለ ይቆማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ያየሁት ጠፍቷል ብዬ በተውሁት የእጅ ጥናት ላይ ነበር፤ ከቡናማው ሥር አምስቱም ጣቶች አንድ በአንድ ወጡ።

ሥዕሉ ምትክ የሌለው ከሆነ፣ ለምሳሌ የሟች ቤተሰብ ሥራ ከሆነ፣ ከማንሣትና ፍሪዘር ከማስገባት በላይ ምንም ሳያደርጉ ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ይስጡት። ፎቶዎቹንና የፈሰሰው ምን እንደሆነ የጻፉበትን ማስታወሻ አብረው ይስጡ።

ደርቆ፣ ቀንቶ፣ ወደ መደርደሪያ ከተመለሰ በኋላ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከወር በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ አውጥተው ጀርባ ማሰሪያው አጠገብ ያሽትቱት። ሌሎቹ ደብተሮች ጋር አጠጋግተው አያስቀምጡት፤ በግራም በቀኝም የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይተውለት።